ኖላዊ ዘኢኀደገ መርዔቶ፤ ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወትና ሥራ

በሰማዕትነት ያረፉ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚገጥመው አንድ ፈተና አለ፤ ይኸውም ሞታቸው እጅግ ጎልቶ ስለሚታይ፥ ወደዚያ ሞት ያደረሳቸው አሳብና የዘመናት ድካም በሞታቸው ጥላ ሥር ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ይህ ዕጣ ከደረሳቸው አንዱ ናቸው። በደርግ ዘመን መገደላቸውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ከመገደላቸው ሰባት ዓመት አስቀድሞ ለባለጸጎቹ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ምን ብለው እንደ ጻፉ፥ አብዮቱም በፈነዳ ጊዜ ለገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ምን ዐይነት ኑሮ እንዳሳሰቡ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የእኒህን ሰው ሕይወት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያያይዘው አንድ ነገር፥ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብለው ለሁለት ለመክፈል እንቢ ማለታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ሰጪውን የተከራከሩትም፥ ባለሥልጣኑን የተቃወሙትም፥ በመጨረሻም ከአገር ለመውጣት ፈቃደኛ ሳይሆኑ የቀሩት በዚሁ በአንዱ እምነታቸው ነው።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በቦጂ ከድኻ የገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ቦጂ በኢትዮጵያ ወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አላት። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች በ1858 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ሲገቡ ዋናው ምኞታቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር፤ ይሁን እንጂ መንገዱ አንድ ጊዜ በጦርነት፥ አንድ ጊዜ በበሽታ፥ ሌላ ጊዜም በመሳፍንት ክልከላ እየተዘጋባቸው ብዙዎቹ በቆላው ምድር ሞተው ቀሩ፤ ወደታሰበው አገር የደረሱት ከእነሱ ዘንድ የተማሩ የዚህ ምድር ልጆች ናቸው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የተባሉት ካህን ከሰሜን ተነሥተው ከቤተሰባቸውና ከባልንጀሮቻቸው ጋር ቦጂ ገብተው፥ በሕዝቡ ቋንቋ ቃለ እግዚአብሔርንና ፊደልን ሲያስተምሩ ቆይተው በ1897 ዓ.ም. ገደማ በእሳት ቃጠሎ ዐረፉ። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው በምጽዋ አርነት የወጡት አናሲሞስ ነሲብም፥ እንደሳቸው ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሰው ነቀምቴን መቀመጫቸው አደረጉ። አናሲሞስ ያረፉት በ1923 ዓ.ም. ነው፤ ጉዲና ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበሩ።

ይህን የማነሣው የትውልድ ስፍራን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ወንጌልና ፊደል፥ ፊደልና ሕክምና ተያይዘው ገቡ እንጂ ተለያይተው አልገቡም። መጽሐፉን ለማንበብ የመጣ ልጅ ከዚያው ቤት ቍስሉን ታጥቦ ይመለሳል፤ ልጁን ለማሳከም የመጣ ገበሬም ከዚያው ቤት ጸሎት ሰምቶ ይሄዳል። ደግሞም ጠላት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የስዊድን መልእክተኞች ተባርረው ሲወጡ፥ ምእመናኑ ያለ ባዕድ ረዳት በገዛ ሽማግሌዎቻቸው እየተመሩ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ፥ እንዲያውም ማኅበራቸውን አስፍተው የነፃነቱን ዘመን ተቀበሉ። ቤተ ክርስቲያን በገዛ እግሯ መቆም የምትችል መሆኗን የወለጋ ምእመናን በመከራው ዘመን በሥራ አይተውታል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ቄስ ጉዲና ይህንኑ በብርቱ ሲያሳስቡ፥ የተናገሩት በአገራቸው አንድ ጊዜ ተፈትኖ የታየውን ነው።

ወጣቱ ጉዲና ትምህርት ፍለጋ ወደ ነቀምቴ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ሥራ ያዙ፤ ከጊዜ በኋላም ሠልጥነው ድሬሰር ሆኑ። የዚያን ዘመን የጠቅላይ ግዛት ድሬሰር ሥራው ብዙ ነበር፤ ቍስል ያጥባል፥ መርፌ ይወጋል፥ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙን ይረዳል፥ የሐኪሙንም ቃል ለበሽተኛው፥ የበሽተኛውንም ብሶት ለሐኪሙ ይተረጕማል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለነገሬ የሚጠቅመኝ የመጨረሻው ነው። በሽተኛ ለድሬሰሩ የሚነግረው ሕመሙን ብቻ አይደለምና፤ የተቀማውን መሬት፥ የጭሰኝነቱን ዕዳ፥ የሞተበትን ልጅ፥ የፈራውን መንፈስ ሁሉ አብሮ ይነግረዋል። ብዙ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ከመጽሐፍ የተረዱትን የሰውን አንድነት፥ ጉዲና በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆመው አዩት። በዚሁ ዘመን ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ስለ እኒህ ብርቱ ሴት ወደ ኋላ የምለው አለኝ።

ከዚያ በነጆ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተምረው በ1950 ዓ.ም. የቅስና ማዕርግ ተቀበሉ። ባመቱ፥ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም.፥ በስዊድን፥ በጀርመን፥ በኖርዌይና በሌሎችም የሉተራን ሚሲዮኖች ሥራ የተመሠረቱት ማኅበረ ምእመናን ተባብረው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተብለው በአንድ ስም ቆሙ። የምእመናኑ ቍጥር ያን ጊዜ ሃያ ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ በሚሊዮን ለሚቈጠር ምእመን ይህ ትንሽ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጀማሪዎቹ ከነበረባቸው ድኽነትና ከነበረባቸው ጥርጣሬ አንጻር ሲታይ ትልቅ ነገር ነበር።

ቄስ ጉዲና ከ1956 እስከ 1958 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በሚኔሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው በሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት ተማሩ። ዘመኑ የአሜሪካ ጥቁሮች ለመብታቸው የተነሡበት፥ ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባሉት የባፕቲስት ቄስ ከስብከት ሰገነት ወደ አደባባይ ወርደው ሕዝቡን የሚመሩበት፥ ዘርን ለይቶ ማግለልን የሚከለክለውም ሕግ የጸደቀበት ነበር። በትምህርታቸውም ስለ ኅብረተሰብ ፍትሕና ስለ ሥልጣን ፈተና ከጻፉት ከራይንሆልድ ኒበር፥ ለናዚዎች አልገዛም በማለታቸው ከተሰቀሉት ከጀርመናዊው ዲትሪክ ቦንሄፈር አሳብ ጋር ተዋወቁ። ኋላ በጻፏቸው ጽሑፎች የእነዚህ ሰዎች አሻራ ይታያል።

እንደ ተመለሱ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም.፥ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። ፕሬዚዳንቱ አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ፤ እሳቸውም የወለጋ ተወላጅ፥ በልዩ ልዩ አገር አምባሳደር፥ በንጉሠ ነገሥቱም መንግሥት ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። አንዱ በቤተ መንግሥት ሥርዐት የታነጹ ታላቅ፥ ሌላው ከድሬሰርነት የተነሡ ወጣት ቄስ፥ ለብዙ ዘመን አብረው መሥራታቸው ለቤተ ክርስቲያኒቱ በረከት ሆነላት። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን፥ ትምህርት ቤቶችን፥ በአዲስ አበባም ሴሚናሪ ታስተዳድር ነበር፤ ከ1950ዎቹ መካከል ጀምሮም በየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አማካይነት በየገጠሩ ለሽማግሌውም ለልጁም ፊደል ታስቈጥር ነበር። በምዕራብና በደቡብ ያለው ሕዝብ ደግሞ በብዛት ወደ ማኅበረ ምእመናኑ ይጐርፍ ጀመር፤ አንዳንዱ መንደር በሙሉ ተነሥቶ አስተማሪ ላኩልን ይላል። የሚላክ አስተማሪ ግን አልነበረም፤ ለሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት የሚወጣ ገንዘብም አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁና ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ትልቅ የአሳብ ለውጥ ሆኖ ነበር። አባቶቻቸው በቃል መስበክን አስበልጠው የኖሩትን ያህል፥ ልጆቹ ደግሞ ልማትን አስበልጠው፥ ስብከትን እንደ አሮጌ ነገር ያዩት ጀመሩ። የርዳታ ድርጅቶቹም ሰፊ ገንዘብ አገኙ፤ ከገንዘቡም አንዳንዱ ከመንግሥታቸው ካዝና የሚመጣ ስለ ነበረ፥ ለስብከት፥ ለካህናት ሥልጠና፥ ለጸሎት ቤት ሥራ እንዳይውል ሕግ ነበረበት። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሆስፒታል ወይም ለእርሻ ሥራ ገንዘብ ስትጠይቅ እሺ ትባላለች፤ ቃሉን ለተጠሙት ሰዎች አስተማሪ ለማሠልጠን ስትጠይቅ ግን ይህ በመመሪያችን አይፈቀድም የሚል መልስ ይደርሳታል። እንዲህ ሲሆን የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማት ክንድ እየወፈረ ሲሄድ፥ ማኅበረ ምእመናንን የሚጠብቀው ክንድ ከሳ። ከዚህም የሚበልጠው ጕዳት፥ አንድ ገበሬ የሚበላውንና የሚያምነውን ለይቶ የማያውቅ ሆኖ ሳለ፥ ከሩቅ አገር በተጻፈ መመሪያ ሕይወቱ ለሁለት ተቈርጦ እንዲታይ መደረጉ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በጥር 1963 ዓ.ም. ባደረገችው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ ነገር እንዲመረመር ወሰነች፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ወንጌልን ስለ መስበክና ስለ ሰው ልማት መያያዝ የሚናገረው ደብዳቤ ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ተላከ። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የሰው ልጅ ሁለንተናው አንድ ነው፤ መንፈሳዊው ፍላጎቱ ከሥጋዊው ተነጥሎ ሊመለስ አይችልም፤ ልማትም ማለት የሀብት መጨመር ብቻ ከሆነ፥ እነዚያ ሀብታሞች አገሮች ራሳቸው የውስጥ ሰውነታቸው ስላልለማ ለዓለም ሥጋት ሆነዋልና፥ ያን ልማት ለድኻው አገር መላክ መፍትሔ አይሆንም። የውስጥ ሰውነት መታደስ ለጤናማና ለዘላቂ ልማት መሠረት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም በምትሰጠው አገልግሎት ላይ የቅድሚያውን ተራ መወሰን የሚገባት ራሷ ናት እንጂ ገንዘብ ሰጪው አይደለም።

ይህን ደብዳቤ በአንክሮ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው ድፍረቱ ነው። ከበጀቷ እጅግ የሚበዛውን ከውጭ የምታገኝ ቤተ ክርስቲያን፥ የሚሰጣትን እጅ ይዛ እናንተም ድኾች ናችሁ፥ የእናንተም ልማት ጐደሎ ነው ብላ መናገሯ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። ደብዳቤው ሆስፒታሉ ይቅር፥ እርሻው ይቅር፥ ስብከት ብቻ ይሁን የሚል ስላልሆነ፥ ድኾችን ረስቶ ሰማይ ሰማይ ለሚያየው ሰባኪም ምክንያት አይሰጠውም። የሰው መብት መከበር፥ የድኻው ከድኽነት መውጣት፥ የተጨቈነው ነፃ መሆን ሁሉ በወንጌል ውስጥ የሚጠቃለሉ ናቸው ብለው ቄስ ጉዲና ያምኑ ነበር። መካነ ኢየሱስ እስከ ዛሬ የምትጠራበት «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚለው ቃል የዚህ እምነት ፍሬ ነው።

ደብዳቤው በፌዴሬሽኑ መቀመጫ በጄኔቫ ታላቅ ክርክር አስነሥቶ፥ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. በናይሮቢ ስለዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ከአፍሪካ የተላከ አንድ ደብዳቤ የዓለምን ሉተራውያን ሰብስቦ ስለ ራሳቸው ሥራ ማነጋገሩ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ዘመን ከአፍሪካ መሪዎች አንዳንዶቹ፥ ሚሲዮናውያንም ገንዘባቸውም ለተወሰነ ጊዜ ይቁሙ የሚል አሳብ አቅርበው ነበር። ቄስ ጉዲና የዚህን አሳብ ምክንያት ቢረዱትም መንገዱን አልተቀበሉትም፤ የክርስቶስ አካል አንድ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ተለይቼ ልኑር ሊል አይገባውም፥ ነገር ግን ኅብረቱ የጌታና የሎሌ ሳይሆን የወንድማማች ይሁን ይሉ ነበር። በዚህ ረገድ እውነቱ ከእሳቸው ጋር ነበር ብዬ እፈርዳለሁ።

የናይሮቢው ጉባኤ በተሰበሰበበት ወር ኢትዮጵያ ሌላ አገር ሆና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደዋል፤ አቶ አማኑኤል አብርሃምም እንደ ሌሎቹ ሚኒስትሮች በእስር ላይ ነበሩ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣኖችና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ በታኅሣሥ ወር የኢትዮጵያ ኅብረተሰብአዊነት ታወጀ፤ በየካቲት 25 ቀንም የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ተደረገ። የመሬቱ ዐዋጅ በወለጋና በደቡብ ላሉት ጭሰኛ ምእመናን ታላቅ ደስታ ነበር፤ ቄስ ጉዲናም የዚህን ደስታ ምክንያት ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር፤ የድኻ ገበሬ ልጅ ናቸውና። ስለዚህ በ1967 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በአብዮቱ ውስጥ ስላላት ስፍራ በወጣው የኖላዊነት መልእክት ውስጥ ለውጡን በጅምላ የሚያወግዝ ቃል አይገኝም። መልእክቱ ፍትሕን፥ የሰውን መብትና የሕግ የበላይነትን ይደግፋል፤ ነገር ግን ርእዮተ ዓለም ፍጹም ሊሆን አይችልም፥ ፍጹም መታዘዝ የሚገባው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ብሎ ድንበሩን በግልጥ ያስቀምጣል። ያን ድንበር ያሰመረው ብዕር በኋላ ዋጋውን ከፍሏል።

በዚያው ዓመት ቄስ ጉዲና ለፕሬዚዳንታቸው አንድ ማስታወሻ ጻፉ፤ ከጽሑፎቻቸው ሁሉ ይልቅ የእረኝነት ጭንቀታቸው የሚታየው በዚህ ይመስለኛል። ውጭ አገር ያሉት ወዳጆች ዛሬ ወይም ነገ መርዳት ቢያቆሙ፥ ሚሲዮናውያኑ ቢወጡ፥ መንግሥትም ሆስፒታሉንና ትምህርት ቤቱን ቢወስድ ምን እናደርጋለን? መልሳቸው አጭርና ከባድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በምእመናኗ መባ መኖርን መልመድ፥ አገልጋዮቿም የሕዝቡን ኑሮ ለመኖር መዘጋጀት አለባቸው። ሕዝቡ ወደ አዲስ ሥርዐት ሲገባ ቤተ ክርስቲያን በዳር ቆማ ልትመለከተው አይገባም፤ ገበሬው ባለበት ትገኝ፥ ከሱ ጋር ትድከም። ይህ ምክር በጊዜው ለብዙዎቹ ከባድ መስሎ ሳይታይ አልቀረም፤ ዳሩ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉና አገልጋዮች ሲታሰሩ፥ ምእመናኑ በየቤቱ እየተሰበሰቡ እምነታቸውን ጠብቀው ያቈዩት በዚህ ዐይነት ኑሮ ነው።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥት ብሥራተ ወንጌል የተባለውን የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ራዲዮ ጣቢያ ወረሰ። ጣቢያው ሲከፈት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በየካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የመረቁት፥ በብዙ ቋንቋ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የሚያስተላልፍ ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የአብዮታዊው መንግሥት ድምፅ ሆነ። ቀይ ሽብር በከተሞች ነገሠ። በዚህ ጊዜ ቄስ ጉዲና የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች እርስ በርሳቸው ተለያይተው እንዳይጠፉ ብለው፥ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የትብብር ጉባኤ እንዲቋቋም ደክመው ሰብሳቢው ሆኑ። ለመንግሥት ይህ ኅብረት የሚያስፈራ ነበር። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ መሆናቸው ደግሞ ጥርጣሬውን አባሰው፤ ቄስ ጉዲና ግን መንገዳቸው የካህን መንገድ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከሁለተኛው እስር በኋላ በውጭ ያሉ ወዳጆቻቸው፥ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ርዳታ ታክሎበት፥ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጁላቸው። ቄስ ጉዲና እንቢ አሉ። ካህናቱን በየስፍራችሁ ጽኑ እያልሁ ስማጠን ኖሬ፥ መከራው ለእኔ ሲደርስ መንጋውን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ የሚል ነበር አሳባቸው፤ ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው፥ በሕይወት ያሉት ከእንግዲህ ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን የሐዋርያውን ቃልም ምክንያት አድርገው አቀረቡ። ቦንሄፈርም በ1939 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሰላም ሳሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ በዚህም ምክንያት የውጭ አገር ጸሐፊዎች ቄስ ጉዲናን የአፍሪካው ቦንሄፈር ይሏቸዋል። ስሙ የክብር ስም ነው፤ ነገር ግን የጉዲናን ጽናት ለመረዳት ከበርሊን አስቀድሞ ቦጂን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያች አገር መጽሐፉን ያደረሱት ሰዎች በባርነት ተሽጠው፥ በመንገድ ደክመው፥ በእሳት ተቃጥለው ያደረሱት እንጂ ተመችቷቸው አይደለም፤ ልጁም ያደገው ይህን ሲሰማ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰጥተው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ፥ በመኪና የመጡ የታጠቁ ሰዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ለብቻቸው ከከተማው ዳር ወስደው ለቀቋቸው፤ ቄስ ጉዲናን ግን በዚያው ሌሊት ገደሏቸው። ዕድሜያቸው ኀምሳ ዓመት ነበር። የት እንደ ደረሱ፥ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ፥ ለቤተሰባቸው የነገረ አልነበረም።

ወይዘሮ ፀሐይ በ1972 ዓ.ም. ራሳቸው ተያዙ። በእስር ቤት በጽኑ ተገርፈው፥ አካላቸው ተጐድቶ፥ ከልጆቻቸው ተለይተው ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የባላቸውን ሞት ርግጠኛ ሆነው ሳያውቁ፥ የሚያለቅሱበት መቃብር ሳይኖራቸው፥ ያን ሁሉ ዘመን በእምነት ጸኑ። የሰማዕታትን ታሪክ ስንጽፍ አንድ ሌሊት የሞተውን እናከብራለን፤ ዐሥር ዓመት የተሠቃየችውን ግን በአንድ መስመር እናልፋለን። ይህ ትክክል አይደለም። ለእኔ የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ሰማዕትነት ከባለቤታቸው የሚያንስበት አንድም ነገር አይታየኝም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የቄስ ጉዲና ዐፅም በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኘ። የግቢው ባለቤት በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት አንዱ ነበሩ። በዚያው ግቢ፥ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው የታሰሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅምም ተገኝቷል። በሕይወት ሳሉ በሥርዐተ እምነት የተለያዩ፥ ምእመናኖቻቸውም አንዳንድ ጊዜ በክፉ ዓይን የሚተያዩባቸው ሁለት ኖሎት፥ አንዱ የቤተ ክህነት ራስ፥ ሌላው የወንጌላውያን ጸሐፊ፥ በአንድ ገዳይ እጅ ወድቀው በአንድ ዐጸድ ተቀብረው መገኘታቸው፥ ስለ ሃይማኖት መከባበር ከሚነገረው ስብከት ሁሉ ይበልጥ ሊያስተምረን የሚገባ ይመስለኛል። ፓትርያርኩ በጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፉ፤ የቄስ ጉዲና የቀብር ሥነ ሥርዐትም ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

የቄስ ጉዲና ስም በቤተ እምነታቸው ውስጥ ተከብሮ ይኖራል፤ በአገሪቱ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ግን ገና የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። ለድኻው ዳቦም ቃልም እንደሚገባው ለባለጸጋው ዓለም የጻፉ፥ መሬት ለአራሹ መሆኑን እንደ ፍትሕ ተቀብለው ሳለ ለአራሹ ነፍስ ጌታ ነኝ ላለው መንግሥት ግን ያልሰገዱ ሰው፥ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደሉም። አብዛኞቹ ጽሑፎቻቸው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸውና፥ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንትና የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን በአማርኛና በኦሮምኛ ከነማብራሪያቸው በየትምህርት ቤቱ እንዲነበቡ ቢያደርጉ መልካም ነው። ከእሳቸው ጋር ያገለገሉ፥ አብረዋቸው የታሰሩ፥ በዑራኤል ሲያስተምሩ የሰሙ ሽማግሌዎችና እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቀው፥ የሚነግርህንም ጻፈው።